ፔትራ በአራት ቀን፦ የኤዶም ዓለት፣ የናባታውያን ኬላ

ወደ ፔትራ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው ቀን ሲመድብ ነው። ከአማን ወይም ከዐቃባ በጠዋት ተነስቶ ማታ ሊመለስ ያስባል፤ ሲደርስ የሚያገኘው ግን ፎቶ ተነስተውበት የሚመለሱበት አንድ ሕንፃ ሳይሆን በእግር ሁለት ቀን ተዙሮ የማያልቅ ሸለቆ ነው። የመግቢያ ዋጋው ራሱ ምክር ይሰጣል። ዮርዳኖስ ውስጥ ለሚያድር የአንድ ቀን ትኬት 50 ዲናር፣ የሁለት ቀን 55፣ የሦስት ቀን 60 ነው። ሳያድር ለሚመለስ 90። ለተጨማሪው ቀን አምስት ዲናር መሰሰት የዚህ ጉዞ ትልቁ ኪሳራ ነው።

ከመነሳት በፊት በኢንተርኔት የሚገዛውና የፔትራን መግቢያ የሚያካትተው ጆርዳን ፓስ እንደ ፔትራው ቀን ብዛት 70፣ 75 ወይም 80 ዲናር ነው። ቢያንስ ሦስት ሌሊት ለሚያድር የ40 ዲናሩን የቪዛ ክፍያ ያስቀራል። ክፍያውን ያስቀራል እንጂ ፈቃድ አይሰጥም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚነሳም ቢሆን፣ የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጡ በፊት የመግቢያ ፈቃዱን ከኤምባሲ ያጣራ። ዋጋዎቹም ስለሚከለሱ በመነሻው ሳምንት አንዴ ማየት አይከፋም።

ሁለተኛው ስህተት የታሪክ ነው። ብዙ ክርስቲያን ተጓዥ ሮዝማውን ዓለት ፎቶ ላይ አይቶ «የኤዶም ከተማ» ብሎ ይመጣል። የሚታየውን ፍልፍል የሠሩት ግን ኤዶማውያን አይደሉም፤ ናባታውያን የሚባሉ፣ ዕጣንና ከርቤ በግመል የሚያመላልሱ ሲራራ ነጋዴዎች ናቸው። አብዛኛው ሥራቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት ካለው መቶ ዓመት እስከ ልደት በኋላ ባለው መቶ ዓመት ውስጥ የተጠረበ ነው። የኤዶም ነገሥታት ከዚያ ስድስትና ሰባት መቶ ዓመት ይቀድማሉ። ኤዶም የለም ማለት ግን አይደለም፤ ያለው ከፍ ብሎ፣ ብዙ ሰው በማይወጣበት በኩል ነው።

እዚህ የተጻፈው ሰዓት ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው። ዮርዳኖስ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰዓቷን ዓመቱን ሙሉ ስለማትቀይር ከአዲስ አበባ ጋር ልዩነት የላትም፤ እነሱ 6፡00 ሲሉ ከንጋቱ 12 ሰዓት ማለት ነው።

ቀን 1፦ ከአማን በንጉሡ ጎዳና

ከአማን ወደ ዋዲ ሙሳ፣ ማለትም ከፔትራ በር ላይ ወዳለችው ከተማ፣ የበረሃው አውራ ጎዳና 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት ሰዓት ይበቃል። ከአብደሊ ሠፈር 12፡30 ላይ የሚነሳው የጄት (JETT) ድርጅት አውቶቡስ የሚሄደው በዚሁ ነው። በዚህ መንገድ የሚታይ ነገር የለም፤ ጭነት መኪናና አሸዋ ብቻ። መኪና የተከራየ ወይም ሹፌር የያዘ ሰው በመንገድ 35 ይሂድ። ማቆሚያዎቹን ጨምሮ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፤ ነገር ግን ይህ መንገድ ኦሪት ዘኍልቍ ላይ ያለው «የንጉሥ ጎዳና» ነው። ሙሴ ከቃዴስ ወደ ኤዶም ንጉሥ መልእክተኛ ልኮ በእርሻና በወይን ቦታ አንገባም፣ ከጉድጓድም ውሃ አንጠጣም፣ በጎዳናው ብቻ አሳልፈን ሲል የተከለከለው (ዘኍ. 20፥14-21) ይህንኑ መስመር ነው። በጎዳናው ላይ ማን ያልፋል፣ ምን ከፍሎ ያልፋል የሚለው ጥያቄ የዚህ አገር የሁልጊዜ ጉዳይ እንደነበር ከዚያ ይታያል። ናባታውያን ኋላ የከበሩት በዚሁ ጥያቄ ነው።

ማዳባ ላይ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወለል ያለው የ6ኛው ክፍለ ዘመን የሞዛይክ ካርታ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ናባው ተራራ ከዚያ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ሰዓት ካጠረ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ጊዜውን ለሙካዊር ማቆየት ይሻላል፤ አስጎብኚዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚዘሉት፣ ከፔትራ ታሪክ ጋር ግን በቀጥታ የተያያዘው እሱ ነውና።

ሙካዊር ፍላቪዮስ ዮሴፍ የተባለው የ1ኛው ክፍለ ዘመን አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ማኬሩስ የሚለው የሄሮድስ ምሽግ ነው፤ መጥምቁ ዮሐንስ የታሰረውና የተገደለው እዚህ እንደሆነ ጽፏል። ወንጌሉ ሄሮድስ (አንቲጳስ) የወንድሙን ሚስት ሄሮድያዳን ማግባቱን ይነግረናል፤ ለእሷ ሲል ሊፈታት ያሰበው የመጀመሪያ ሚስቱ ግን ማን እንደነበረች አይነግረንም። የናባታውያኑ ንጉሥ የአሬታስ 4ኛ ልጅ፣ የፔትራ ልዕልት ነበረች። ባሏ ያሰበውን ቀድማ ስለሰማች ምንም እንዳላወቀች ሆና ወደ ማኬሩስ ላከኝ አለችው፤ ከዚያ የአባቷ ሹሞች እየተቀባበሉ ፔትራ አደረሷት። አባቷ እ.ኤ.አ. በ36 ገደማ የሄሮድስን ጦር ደመሰሰ፤ አይሁድም ሽንፈቱን የዮሐንስ ደም ፍርድ ነው አሉ። ቅዱስ ጳውሎስ በቅርጫት ሆኖ ከደማስቆ ቅጥር የወረደው (2ቆሮ. 11፥32) ከዚሁ ከአሬታስ ሹም ሊያመልጥ ነው። አዲስ ኪዳን የሚያውቃት ፔትራ ይህች ናት።

ከማዳባ በኋላ መንገዱ ዋዲ ሙጂብን ይወርዳል፤ የአርኖን ወንዝ ነው፣ የሞዓብ ድንበር። ቁልቁለቱና አቀበቱ ጥምዝምዝ ስለሆነ ሆዱ የሚረበሽ ሰው ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ ነዳጅ ማዳባ ላይ መሙላት ነው። ከራክ ላይ ምሳ፣ ከዚያ ጣፊላ።

ከጣፊላ በስተደቡብ ቡሰይራ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ነቢያቱ ደጋግመው የሚጠሯት የኤዶም ከተማ ባሶራ እሷ ናት። ለዓይን ያላት ነገር የመሠረት ድንጋይ ረድፍ ብቻ ነው፤ ሦስት በኩል ገደል የከበበው ተረተር ላይ ቆሞ መመልከት ግን ኤዶማውያን ለምን እዚህ እንደሰፈሩ ያሳያል። ኤዶም የደጋ መንግሥት ነበር። እርሻው፣ ዝናቡ፣ ጎዳናው ያሉት እዚህ ላይ ነው፤ ፔትራ ያለችበት ሸለቆ ለነሱ ጓሮ ነበር። በዚሁ አካባቢ አስ-ሴላ የሚባል ብቻውን የቆመ ዓለት አለ፤ ገደሉ ላይ የባቢሎኑ ንጉሥ ናቦኒደስ ምስሉን አስቀርጾበታል። አሜስያስ በጦርነት ይዞ ዮቅትኤል ብሎ የሰየማት ሴላ (2ነገ. 14፥7) ይህች ናት የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው፤ ሌሎች ደግሞ ፔትራ ናት ይላሉ። «ሴላ» በዕብራይስጥ፣ «ፔትራ» በግሪክ ሁለቱም ዓለት ማለት ስለሆነ ክርክሩ የተነሳው ከስሙ ነው። ለአስ-ሴላ የሚያደላው ማስረጃ የተሻለ ይመስላል።

ከሾበክ በኋላ ያለው መንገድ በዮርዳኖስ ክረምት (ከታኅሣሥ እስከ የካቲት) ጉም ይይዘዋል፣ በረዶም ሊጥል ይችላል። ሳይጨልም ዋዲ ሙሳ መግባት። ኤቲኤም ያለው ከተማው ውስጥ ነው፤ በረሃው ውስጥ ያሉት ሻይ ቤቶችና አህያ ነጂዎች የሚቀበሉት ጥሬ ገንዘብ ስለሆነ በአንድና በአምስት ዲናር ተዘርዝሮ ይያዝ። ጾም ላይ ያለ ሰው በዚህ አገር አይቸገርም፤ ፉል፣ ሁሙስና ፈላፍል በየጥጉ አለ፣ ፉሉም ከኛው ቁርስ ብዙ አይርቅም።

ቀን 2፦ ሲቁ፣ መሠዊያው፣ ከተማው

በሩ 12 ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ እዚያው መገኘት ነው። ከ3 ሰዓት በኋላ የሚገቡት አውቶቡሶች ሲቅ የሚባለውን በገደል መካከል ያለ ጠባብ መተላለፊያ ይሞሉታል። በነፍስ ወከፍ ሁለት ሊትር ተኩል ውሃ፣ በሞቃቱ ወራት ሦስት፤ ሶሉ የሚይዝ የተዘጋ ጫማ። በሰንደል የሚመጣ ሰው እኩለ ቀን ላይ የሚያነክሰው በድንጋዩ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ደረጃዎቹ ላይ የተበተነው ደቃቅ አሸዋ እንደ ዱቄት ያንሸራትታል።

በሩ ላይ «ፈረስ በትኬቱ ውስጥ ነው» ይባላል። እውነት ነው፣ እስከ ሲቁ አፍ ያለውን ያህል ብቻ፤ ሲወርዱ የሚጠየቀው ጉርሻ ግን በትኬቱ ውስጥ የለም። ርቀቱ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ቁልቁለትም ነው። በእግር ይሂዱ። መራመድ የማይችል ሰው ካለ እስከ ኻዝናው፣ ማለትም ሲቁ ሲያልቅ እስከሚገኘው ዝነኛ ፍልፍል ሕንፃ፣ የሚያደርሱ የባትሪ መኪኖች አሉ፤ ሰልፋቸው የሚረዝመው ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ደክሞ ሲመለስ ነው።

ሲቁ ከመጀመሩ በፊት በስተቀኝ ሦስት አራት ማዕዘን የድንጋይ ብሎኮች ይታያሉ፤ ቤዱዊኖቹ የጂን ቤት ይሏቸዋል። ናባታውያን ዋና አምላካቸውን ዱሻራን ያለ ፊት፣ ያለ እጅ፣ እንዲህ ባለ ደፍን ድንጋይ ይወክሉት ነበር።

ሲቁ አፍ ላይ ግድብ አለ፤ ሁሉም ሰው ሳያየው ያልፋል። ፔትራን ፔትራ ያደረገው እሱና መሰሎቹ ናቸው። ዋዲ ሙሳ በክረምት በደራሽ ጎርፍ ይሞላል፤ የጎርፉ የተፈጥሮ መንገድ ሲቁ ራሱ ነው። ናባታውያን አፉን ዘግተው፣ በቀኝ በኩል 90 ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ በዓለቱ ውስጥ ፈልፍለው፣ ውሃውን በተራራው ጀርባ አዞሩት። ግድቡ በጊዜ ብዛት ፈረሰ። እ.ኤ.አ. በ1963 ጎርፍ ሲቁ ውስጥ ገብቶ ከ20 በላይ ፈረንሳውያን ጎብኚዎችን ገደለ፤ አሁን ያለው ግድብ የተሠራው ከዚያ በኋላ፣ በጥንቱ ቦታ ላይ ነው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ጠባቂዎቹ «ውጡ» ካሉ ሰማዩ ከላይ ጥርት ያለ ቢሆንም መውጣት ነው፤ ዝናቡ የሚጥለው እዚህ ሳይሆን በስተምሥራቅ ከፍታው ላይ ነውና።

ሲቁ 1.2 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ጠባቡ ቦታ ሦስት ሜትር ገደማ ነው። ሰው አንገቱን ወደ ላይ ሰቅሎ ስለሚሄድ የሚያመልጠው ታች ወገብ ላይ ያለው ነው። በግራ ግድግዳ ቦይ፣ በቀኝ ደግሞ የሸክላ ቧንቧ የተቀበረበት ጎድጓዳ መስመር ተከትሎ ይሄዳል። ቧንቧው አጫጭር ሸክላዎች አንዱ ባንዱ አፍ እየገቡ በኖራ የተመረጉ ናቸው፤ ቁርጥራጩ አንዳንድ ቦታ ዛሬም ከምርጉ ጋር አለ። የሚያመጣው ከከተማው በላይ ካለው ከዐይን ሙሳ፣ ሙሴ ዓለቱን መትቶ አፈለቀው ከሚባለው ምንጭ ነው። በዓመት ከ200 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ዝናብ በሚጥልበት አገር (አዲስ አበባ ከሺህ በላይ ታገኛለች) እነዚህ ሰዎች ገላ መታጠቢያ፣ ፏፏቴና የመዋኛ ገንዳ ያለው የአትክልት ስፍራ ነበራቸው። ከበረሃ የወጣ ሲራራ ውሃ አይቶ ካላረፈ ማለፍ አይችልም፤ ያረፈ ደግሞ ይከፍላል። ሀብቱ ዕጣኑ ብቻ አልነበረም።

ከሲቁ ግማሽ በኋላ በግራ ግድግዳ ላይ አንድ ግመል ነጂ ሁለት ግመል እየሳበ ተቀርጿል። ከወገብ በላይ ጎርፍና ነፋስ በልቶታል፤ የቀረው የነጂው እግር፣ የልብሱ ጠርዝ፣ የግመሎቹ ሰፋፊ ኮቴዎች ናቸው። ጠጋ ብሎ ላየ የውሃው ቦይ በግመሎቹ ሆድ ጀርባ በኩል ያልፋል። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ዕጣን ከደቡብ ዐረቢያ ጋዛ እስኪደርስ 65 የግመል ማረፊያዎችን ያልፋል፣ በየቦታው ለውሃ፣ ለገፈራ፣ ለማደሪያ፣ ለቀረጥ ሲከፈል በአንድ ግመል 688 ዲናሪየስ ይደርሳል ብሎ አስልቷል። ኢሳይያስ ከሳባ ወርቅና ዕጣን ተሸክመው ስለሚመጡ ግመሎች ሲናገር በቀጣዩ ቁጥር የነባዮትን አውራ በጎች ያነሳል (60፥6-7)፤ ነባዮት ናባታውያን ናቸው የሚለው የቆየ ግምት ግን በፊደል ልዩነት ምክንያት አጠራጣሪ ነው። በባሕሩም በኩል ያለው ንግድ ከኛ ጋር ይገናኛል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ የጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከብ መመሪያ የአዱሊስን ወደብና የአክሱምን ዝሆን ጥርስ ይዘረዝራል፤ በዚያው ጽሑፍ ነጭ መንደር ከሚባል ወደብ ወደ ፔትራ፣ ወደ ናባታውያኑ ንጉሥ ማሊኩስ የሚወስድ መንገድ እንዳለም ይናገራል።

ኻዝናው ፊት ብዙ አይቆዩ፤ ነገም ይታለፍበታል። ፀሐይ ፊቱ ላይ የምታርፈው ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፣ አሁን ጥላ ነው። ከፍታው 40 ሜትር ይጠጋል። «የፈርዖን ግምጃ ቤት» የተባለው ጫፉ ላይ ባለው የድንጋይ ጋን ውስጥ ወርቅ አለ ተብሎ ነው፤ ጋኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ወርቁን ሊያፈሱ የተኮሱ ሰዎች ጥይት ናቸው። ጋኑ ደፍን ድንጋይ ነው። ሕንፃው መቃብር መሆኑን ከሥሩ የተገኙት የመቃብር ክፍሎች ያረጋግጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 እንኳ አሥራ ሁለት አፅሞች ያሉበት ክፍል ተገኝቷል።

ላሊበላን የሚያውቅ ሰው እዚህ የሚያየው ነገር ከሌላው ጎብኚ ይለያል። በሁለቱ ጎን ወደ ላይ የተደረደሩትን ጎድጓዳዎች ልብ ይበል፤ የጠራቢዎቹ መወጣጫ የገባባቸው ናቸው። ሥራው ከላይ ተጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፣ የተሳሳተ መሮ አይመለስም፤ እስከዚህ አንድ ነው። ናባታዊው ግን ዓለቱን ፊቱን ብቻ አስጊጦ ውስጡን ባዶ ክፍል አድርጎ ይተወዋል። ላሊበላ ላይ ዙሪያው ተቆርጦ ሕንፃው ለብቻው ይቆማል፣ ውስጡም ዓምድና ቅስት አለው። ከፔትራ ፊት ገጾች ጀርባ ቤተ ክርስቲያን የሚያህል ውስጥ የሚጠብቅ ኢትዮጵያዊ ቅር ይለዋል። የሚጠበቀው ሌላ ነው።

ኻዝናውን ከፊት ለፊት ገደል ላይ ሆኖ ማየት «ሃያ ዲናር፣ አስር ደቂቃ» የሚሉ ልጆች ይመጣሉ። ያ መወጣጫ የተከለከለ ነው፤ ሰው ወድቆበታል። የተፈቀደው ከነገሥታት መቃብር ጎን የሚነሳው የኹብታ ደረጃ ሲሆን አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል።

አሁን ቲያትሩ ጋ ሳይደርሱ በግራ ወደሚወጣው ደረጃ። ብዙ ሰው ይህን ለማታ ያስቀምጠዋል፤ ጉልበትና ጥላ ያለው ግን በጠዋት ነው፣ 45 ደቂቃ ገደማ። ላይ ሁለት የድንጋይ ሐውልቶች፣ እያንዳንዳቸው ስድስት ሜትር ያህል፣ ብቻቸውን ቆመዋል። ከሌላ ቦታ የመጡ አይደሉም፤ የተራራው አናት ዙሪያቸው ተቆርጦ ተወስዶ እነሱ ቀሩ። ቀጥሎ መሥዋዕቱ ቦታ፣ ከነመሠዊያውና ከነቦዩ። ነቢያት «የኮረብታ መስገጃዎች» እያሉ የሚነቅፉት ምን ይመስል እንደነበር ለማየት ይህን ያህል ግልጽ ምሳሌ አይገኝም፤ ዘመኑ ብቻ የኋላ ነው።

በመጡበት አይውረዱ። በስተጀርባ በዋዲ ፋራሳ በኩል ያለው ደረጃ ከዓለት የተቀረጸ አንበሳ ጋ ያደርሳል፤ ውሃው በአፉ ይወርድ ነበር። ዝቅ ብሎ ሦስት ጎኑ መቀመጫ የሆነ የግብዣ አዳራሽ አለ፤ የውስጥ ግድግዳው በቅርጽ ያጌጠበት ቦታ ፔትራ ውስጥ ይኸው ነው፣ የዓለቱ ቀይ፣ ነጭና ወይን ጠጅ መስመርም እንደ ጥለት ይታያል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 የመቄዶንያው አንቲጎኖስ ጦር ሲዘምትባቸው ናባታውያን ወይን የሚጠጣ፣ ቤት የሚሠራ፣ እህል የሚዘራ በሞት የሚቀጣባቸው ዘላኖች እንደነበሩ ተጽፏል። ሦስት መቶ ዓመት ቆይቶ ግሪካዊው ጸሐፊ ስትራቦን ስለ ግብዣቸው ሲጽፍ አስራ ሦስት አስራ ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ፣ ሁለት ዘፋኞች ያጫውቷቸዋል፣ ከአስራ አንድ ዋንጫ በላይም የሚጠጣ የለም ይላል። የኬላው ገንዘብ ምን እንደሠራ ከሁለቱ ዘገባዎች በላይ የሚናገር የለም።

ሸለቆው ቀስር አል-ቢንት ጋ ያወጣል፤ በግንብ ተሠርቶ የቆመ ቤተ መቅደስ ነው፣ 23 ሜትር። እ.ኤ.አ. በ363 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማውን ሲያፈርስ ይህ የተረፈው በግድግዳው ድንጋዮች መካከል የእንጨት ማሰሪያ ስላለው ነው ይባላል፤ እንጨቱ ዛሬም ይታያል። ምሳ እዚህ። ከሰዓት በኋላ በዓምድ ጎዳናው እየተመለሱ በግራ ዳገት ወዳለው የቢዛንታይን ቤተ ክርስቲያን መውጣት ነው፤ የወለሉ ሞዛይክ በመጠለያ ሥር አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 ከጎኑ ባለ ክፍል ውስጥ 140 ያህል የፓፒረስ ጥቅልሎች ተገኙ፦ የ6ኛው ክፍለ ዘመን የርስት፣ የጋብቻ፣ የግብር ሰነዶች። የተረፉት ሕንፃው ስለተቃጠለ ነው፤ እሳቱ ባያከስላቸው ኖሮ ይበሰብሱ ነበር። ፔትራ ከ106 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሮም እጅ ወድቃ፣ ንግዱም ወደ ፓልሚራና ወደ ቀይ ባሕር መርከቦች ዞሮባት፣ ከዚያም በኋላ ጳጳስ ያላት ከተማ እንደነበረች የሚመሰክሩት እነዚህ ናቸው።

የነገሥታት መቃብሮች ፊታቸው ወደ ምዕራብ ነው። ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ መድረስ፣ ዓለቱ ፍም የሚመስለው ያኔ ነው። የጋኑ መቃብር እ.ኤ.አ. በ446 ቤተ ክርስቲያን ሆኗል፤ በቀይ ቀለም የተጻፈው የግሪክ ጽሑፍ ከኋላ ግድግዳ ላይ አለ። ከዚህ እስከ በሩ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ለስላሳ አቀበት ስላለ ለመመለሻ አንድ ሰዓት ይተው።

ቀን 3፦ በጓሮ በር ወደ ደይር

ዛሬ ከሰሜን መግባት ይሻላል። በመጀመሪያ ትኬቱ ዋናው በር ላይ መረጋገጥ አለበት፤ ይህን የዘለለ ሰው ተራራው መሐል ጠባቂ ይመልሰዋል። ከዚያ በመኪና 8 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሲቅ አል-ባሪድ፣ «ትንሿ ፔትራ»። መግቢያው ነጻ ነው። ሲራራዎቹ ግመላቸውን የሚያሳርፉት እዚህ ነበር፤ በደረጃ የሚወጣባት አንዲት ክፍል ጣሪያ ላይ የወይን ሐረግና ወፎች የተሳሉበት ቀለም ተርፏል።

ከበይዳ፣ ማለትም ከትንሿ ፔትራ አካባቢ፣ ተራራው ላይ እስካለው ትልቅ ፍልፍል ሕንፃ እስከ ደይር ያለው መንገድ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ምልክቱ ስለሚጠፋ የአገር መንገድ መሪ ይያዝ፤ መጨረሻው አካባቢ መንገዱ ገደል ጥግ ይይዛል፣ ከፍታ የሚፈራ ሰው ከፊት በኩል ባለው 800 ገደማ ደረጃ ቢወጣ ይሻለዋል። የደይር ጥቅሙ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐይ ፊቱን የምታገኘው ያኔ ነው። ከኻዝናው ይሰፋል፤ ቁመትና ወርዱ ወደ 48 ሜትር ይደርሳል፣ በሩ ብቻ የሦስት ሰው ቁመት ያልፋል። «ገዳም» የተባለው ውስጥ ግድግዳው ላይ በተገኙ መስቀሎች ምክንያት ነው።

በ800ው ደረጃ ሲወርዱ አህያ ከመጣ በግድግዳው በኩል መጠጋት እንጂ በገደሉ በኩል መቆም አይገባም፤ አህያው ሁልጊዜ ውስጡን ይመርጣል ማለት አይቻልም፣ ሲንሸራተት የሚገፋው ግን ወደ ውጭ ነው። የሚሸጡት «የጥንት ሳንቲሞች» አዲስ ናቸው፤ እውነተኛ ቢሆኑ ደግሞ ማውጣቱ ወንጀል ነው።

ታች ደርሰው ሻይ ሲያዙ ወንበሩን ወደ ምዕራብ ያዙሩት። ፊት ለፊት አናቱ ጠፍጣፋ ሆኖ የቆመው ተራራ ኡም አል-ቢያራ ነው። የፔትራ ኤዶም እዚያ ላይ ነው። እንግሊዛዊቷ ክሪስታል ቤኔት በ1960ዎቹ ስትቆፍረው ከክርስቶስ ልደት በፊት የ7ኛው ክፍለ ዘመን መንደር አገኘች፤ የሽመና ድንጋይ፣ የእህል ማስቀመጫ፣ በዓለት ውስጥ የተፈለፈሉ የውሃ ጉድጓዶች። ከመካከሉ «ቆስ-ገብር፣ የኤዶም ንጉሥ» የሚል ማኅተም ወጣ፤ ይህ ንጉሥ ለአሦር ከገበሩት መካከል በአሦራውያኑ ጽሑፍ ተጠቅሷል። አሜስያስ ከዚያ መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ስለነበር በቁፋሮው የተገኘው መንደር የሱን ዘመን አያሳይም፤ ይህም ለአስ-ሴላ የሚያደላ ሌላ ምክንያት ነው። ነቢዩ አብድዩ በዓለት ስንጥቅ ውስጥ ተቀምጦ «ማን ያወርደኛል» የሚለውን ኤዶምን ሲወቅስ ግን ይህን ተራራ እያየ ማንበብ ተገቢ ነው። መውጫው ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ ሦስት ሰዓት ደርሶ መልስ፣ በጠዋት ብቻ።

ቀን 4፦ ጀበል ሃሩን (የአሮን ተራራ)

ነጭ ጉልላቱ ከሩቅ የሚታየው ተራራ 1,350 ሜትር ገደማ ነው። ከዋናው በር ተነስቶ ለመመለስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ከቀስር አል-ቢንት ብቻ ደርሶ መልሱ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ነው። ሻይ ቤት የለም፣ ጥላ የለም፣ መንገድ መሪ ግድ ነው፤ ውሃ በነፍስ ወከፍ አራት ሊትር። በሰኔና በነሐሴ መካከል ባይሞከር ይሻላል። ጉልላቱ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የእስልምና መካነ መቃብር ስለሆነ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይለበስ። በሩ ብዙ ጊዜ ተቆልፎ ይገኛል፤ መንገድ መሪው ቁልፍ ያዡን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሙሴ አሮንንና ልጁን አልዓዛርን ይዞ ወደ ሖር ተራራ መውጣቱን፣ ልብሰ ክህነቱን ከአባት አውልቆ ለልጅ ማልበሱን፣ ሕዝቡም ሠላሳ ቀን ማልቀሱን ዘኍልቍ 20 ይተርካል። ሖር ይህ ነው የሚለው ትውፊት አዲስ አይደለም፤ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍ በ1ኛው ክፍለ ዘመን አሮን ያረፈው በፔትራ ዙሪያ ባለ ከፍታ ላይ ነው ብሎ ጽፏል። ዘዳግም 10፥6 ግን ሞሴራ ይላል፤ ሖር ሌላ ቦታ ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። እርግጡ፣ ክርስቲያኖች እዚህ መሳለማቸው ነው። ከጫፉ ዝቅ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፊንላንድ አርኪዮሎጂስቶች ገዳም፣ ቤተ ክርስቲያንና የተሳላሚ ማደሪያ አውጥተዋል። ከተቃጠሉት ፓፒረሶች አንዱም «የጌታችን የቅዱስ ሊቀ ካህናት አሮን ቤት» ይለዋል።

ከጉልላቱ ጣሪያ በስተምዕራብ ዋዲ አራባ ተዘርግቶ ይታያል። ዕጣኑን የጫኑ ግመሎች ከፔትራ ወርደው፣ ያንን ሜዳ አቋርጠው፣ በኔጌቭ በረሃ በኩል ወደ ጋዛ የሚሄዱት በዚህ አቅጣጫ ነበር። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ጫፉ ላይ መቆየት አይገባም፤ በክረምት 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ከቀስር አል-ቢንት እስከ በሩም ገና አራት ኪሎ ሜትር አቀበት ይቀራል።